የቤት ስልካችሁ ሳጥን የማን ነው?

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ። ከቅዳሴ በኋላ ቤታችሁ ገብታችሁ ማረፍ ስትችሉ እዚህ በመቆየታችሁ አመሰግናለሁ።

የእናቴ የቤት ስልክ ቁጥር በሜሪላንዱ መለያ በ301 ይጀምራል። ከ20 ዓመት በላይ ይዛዋለች። ደብረ ማርቆስ ያለችው ታላቅ እኅቷ ማንበብ አትችልም፤ ያንን ቁጥር ግን እንደ ጸሎት በቃሏ ታወርደዋለች። እኔ ሞባይሌን ስቀያይር፣ ወንድሜ ከስቴት ስቴት ሲዛወር፣ ያ ቁጥር ከቦታው አልተነቃነቀም። መርዶም የምሥራችም ወደ ቤታችን የገባው በዚያ ቁጥር ነው።

ብዙ ሰው "በዚህ ዘመን የቤት ስልክ ምን ያደርጋል? ሁሉም ሞባይል ይዟል" ይለኛል። ዓይናቸው ለደከመ፣ መስታወት መዳሰስ ላልለመዱ፣ እጀታውን አንስተው "ሃሎ" ማለት ብቻ ለሚፈልጉ ወላጆቻችን ግን ምትክ የለውም ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ቁጥርና ያንን የለመዱትን ስልክ እንደያዛችሁ፣ በየጊዜው በሚጨምር ሂሳብ ሳትታሰሩ፣ በራሳችሁ አዳፕተር፣ ማለትም ስልኩን ከኢንተርኔት ጋር በሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን፣ እንዴት በኢንተርኔት እንደምትጠቀሙበት ነው።

መጀመሪያ እኛ የደረሰብንን ልናገር። እናቴ የኢንተርኔት፣ የቴሌቪዥንና የስልክ ጥቅል ነበራት። የስልኩ ድርሻ ከግብሩና ከልዩ ልዩ ክፍያው ጋር ሲደመር ሲከብደን ጊዜ፣ የኢንተርኔት ስልክ ወደሚሰጥ ሌላ ድርጅት አዛወርናት። ትንሽ ጥቁር ሳጥን ላኩልን፤ "በነፃ ነው" አሉን። ራውተሩ ላይ ሰካነው፣ የእናቴን ስልክ ከሳጥኑ ጋር አገናኘነው፣ ሠራ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዋጋው ከፍ አለ። ልንለቅ ስንነሳ ነው ሳጥኑ የተቆለፈ መሆኑን ያወቅነው። ሌላ ድርጅት ጋ አይሠራም። የውስጡን መቼት ልንለውጥ ብንሞክር የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ድርጅቱ ብቻ ነው። ደህና የሆነ፣ ምንም ያልተበላሸ ዕቃ ቆሻሻ ውስጥ ጣልን።

ያን ቀን የገባኝ ነገር የቤት ስልክ አንድ ነገር አለመሆኑ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው። ጥሪውን የሚያስተላልፈው አገልግሎት ሌላ ነው። ሳጥኑ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሦስቱን አንድ ድርጅት ጠቅልሎ ሲይዝባችሁ፣ ከአንዱ ጋር ስትጣሉ ሦስቱንም ታጣላችሁ። ሳጥኑ የራሳችሁ ሲሆን ግን አገልግሎቱን መቀየር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይሆናል።

ሳጥኑ የሚሠራውን ሥራ ትንሽ ላስረዳ፤ ይህ ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል። የድሮ ስልክ የሚያውቀው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ መስመሩ ላይ 48 ቮልት ያህል አለ። ሰው ሲደውል 90 ቮልት ገደማ የሆነ፣ በሰከንድ 20 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ መጥቶ ያቃጭለዋል። ስልኩ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አያውቅም። አዳፕተሩ ስልኩን "የቴሌ መስመር እኔ ነኝ" ይለዋል፤ ያንን ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፣ ያንን የለመድነውን የመደወያ ድምፅ ያሰማዋል። በሌላው ጎኑ ደግሞ ንግግራችሁን ይቆራርጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰከንድ ንግግር 50 ቦታ ይቆረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ አድራሻ ተጽፎበት በኢንተርኔት ይላካል። ወዲያ ማዶ ተሰብስቦ እንደገና ድምፅ ይሆናል።

ይህ ምን ያህል ኢንተርኔት ይበላል? ጂ 711 በሚባለው፣ የጥንቱን የስልክ ድምፅ ጥራት በሚጠብቀው አሠራር፣ ድምፁ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ነው፤ አድራሻውና ማሸጊያው ሲጨመርበት ወደ 87 ይደርሳል። ልጆቻችሁ የሚያዩት አንድ ቪዲዮ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ስለዚህ "ኢንተርኔቴ ፈጣን አይደለም" ብላችሁ አትስጉ። ለስልክ የሚያስፈልገው ቁራጮቹ በእኩል ርቀት፣ ሳይዘገዩ መድረሳቸው ነው። አንዱ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ ሲመጣ ነው ድምፅ የሚንቀጠቀጠው። ሳጥኑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙት የምለውም ለዚህ ነው፤ ብዙዎቹ ጥሩ አዳፕተሮች ዋይፋይ ጭራሽ የላቸውም፣ ባይኖራቸውም ደግ ነው።

የማንም ሳጥን ከማንም አገልግሎት ጋር መግባባት የሚችለው ሲፕ የሚባል የጋራ ቋንቋ ስላለ ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2002 አርኤፍሲ 3261 በሚል ቁጥር በይፋ የወጣ ነው፤ ማንም አንብቦ መሣሪያ ሊሠራበት ይችላል። ሳጥኑን የሚቆልፉ ድርጅቶችም ውስጥ ውስጡን የሚጠቀሙት ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ቋንቋ ነው። ቁልፉ የንግድ እንጂ የቴክኒክ ግዴታ አይደለም።

ስትገዙ የምትጠይቁት አንድ ቃል ነው፦ "ያልተቆለፈ ነው ወይ?" ከግራንድስትሪም ኤችቲ 801 የሚባለው አንድ ስልክ ይይዛል፣ ኤችቲ 802 ሁለት። በዚህ አካባቢ ለቤተሰብ ስገጥም ብዙ ጊዜ የምጠቀመው እነሱን ነው። ዋጋቸው የአንድ ቤተሰብ የምግብ ቤት ምሳ አይደርስም። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በ5 ዶላር የምታገኙትን ሳጥን ግን ተጠንቀቁ። የኡማ ወይም የማጂክጃክ ሳጥን የተሠራው ለዚያው ድርጅት አገልግሎት ነው፤ ርካሽ ነው ብላችሁ ብትገዙት ለሌላ አይሆናችሁም። ኦቢ 200 የሚባለው በጣም የሚወደድ ሳጥን ነበር፤ ሠሪውን ኦቢሃይን እ.ኤ.አ. በ2018 ፖሊኮም ገዛው፣ ዛሬ ለአዲስ ቤት አልመርጠውም። ሠሪው የተወው ሳጥን ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍንለት የለም።

አገልግሎት ሰጪ ስትመርጡም "የራሴን መሣሪያ ማምጣት እችላለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ካልሴንትሪክና ቮይፕ ዶት ኤምኤስ ይህን በመፍቀድ የታወቁ ናቸው፤ ሌሎችም አሉ። ሲፈቅዱላችሁ አራት ነገር ይሰጧችኋል፦ የሰርቨሩ አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስም፣ የማረጋገጫ መለያና የይለፍ ቃል። በቃ። ያንን ሳጥኑ ውስጥ ማስገባት ነው።

አገባቡን በኤችቲ 801 ላሳያችሁ። ሳጥኑን ራውተሩ ላይ ሰኩ፣ ስልኩን ሳጥኑ ላይ ሰኩ፣ ኤሌክትሪክ ስጡት። እጀታውን አንሡና ኮከብ ሦስት ጊዜ ተጫኑ። አንዲት ሴት ድምፅ ትመጣለች፤ 02 ስትጫኑ የሳጥኑን የአይፒ አድራሻ ታነብላችኋለች። ጻፉት። ኮምፒውተራችሁ ላይ በምትከፍቱት የኢንተርኔት ማሰሻ ያንን አድራሻ ስታስገቡ የሳጥኑ ገጽ ይከፈታል። የመግቢያው የይለፍ ቃል በአዲሶቹ ላይ ከሳጥኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ቀይሩት። ከዚያ አራቱን ነገሮች በየቦታቸው አስገቡና አስቀምጡ። ገጹ ላይ "ተመዝግቧል" (Registered) የሚል ምልክት ሲመጣ ስልካችሁ መስመር ላይ ነው። ልጆቻችሁ በአስር ደቂቃ ይጨርሱታል፤ እናንተ ግን አጠገባቸው ቁሙ፣ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

የግድግዳውን የስልክ ሶኬት በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ሰው ሳጥኑን ግድግዳው ላይ ቢሰካው ቤቱ ሁሉ ስልክ እንደሚያገኝ ሰምቷል። ይቻላል፤ ግን የድሮው ድርጅት ሽቦ ከቤታችሁ ውጭ ካልተለያየ፣ ከዚያ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ሳጥኑን ሊያቃጥለው ይችላል። ብዙ ክፍል ውስጥ ስልክ ከፈለጋችሁ አንድ መሠረት ያለውና ሦስት አራት እጀታ ያለውን ገመድ አልባ ስልክ ግዙ፤ መሠረቱ ብቻ ከሳጥኑ ጋር ይገናኛል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ወደ ቁጥር ማዛወር ልምጣ። አሮጌውን አገልግሎት ቀድማችሁ እንዳትሰርዙ! የተሰረዘ ቁጥር የተለቀቀ ቁጥር ነው፤ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። አዲሱ ድርጅት ከአሮጌው እንዲወስደው ጠይቁ፤ ወስዶ ሲጨርስና ሲጠራ በጆሯችሁ ስትሰሙ የቀረውን ሰርዙ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ቁጥራችሁን ይዛችሁ የመሄድ መብታችሁን እ.ኤ.አ. በ2007 ለኢንተርኔት ስልክም አጽንቶታል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ላይ ደግሞ የተለየ ችግር አለ። የማዛወር ጥያቄ የሚቀበሉት ስሙና አድራሻው አሮጌው ሂሳብ ላይ ካለው ጋር ሲገጥም ነው። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት ይጻፋል? ገብረመድኅን አንዴ አንድ ቃል፣ አንዴ ሁለት ቃል ነው። አንዱ ሂሳብ ላይ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፣ ሌላው ላይ የአያት ስም። የአንዲት እናት ጥያቄ ተመላልሶ ውድቅ የሆነው ወለተ የሚለው ቃል ከቀሪው ስም ጋር ተጣብቆ ስለተጻፈ ብቻ ነበር። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ትክክለኛ ስም አትጻፉ፤ የመጨረሻው ሂሳብ ላይ ያለውን፣ ስህተቱም ቢኖር ከነስህተቱ፣ ቅዱ።

አሁን የምናገረውን በደንብ አድምጡኝ። 911፤ የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር።

የመዳብ ሽቦው ስልክ ቤታችሁ የት እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ሽቦው ራሱ ከቤታችሁ ነው የሚነሳው። የኢንተርኔት ስልክ ግን የት እንዳላችሁ አያውቅም። ሳጥኑን ነቅላችሁ አትላንታ ብትወስዱት እዚያም በ301 ቁጥራችሁ ይሠራል። 911 ስትደውሉ የሚያውቀው እናንተ ያስመዘገባችሁትን አድራሻ ብቻ ነው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመደበኛው የስልክ መረብ ጋር የተገናኙ የኢንተርኔት ስልክ ድርጅቶች የደንበኛውን አድራሻ ይዘው የ911 ጥሪ እንዲያስተላልፉ አስገድዷል። አድራሻው ሲለወጥ የማሳወቁ ኃላፊነት ግን የእኛ ነው።

እናቴን ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ፣ ወደ እኔ ቤት፣ ሳመጣት ሳጥኑንም ይዤ መጣሁ። በዚያው ቀን ስልኩ ሠራ፤ ደስ አለን። አድራሻውን መቀየር ነገ ነገ እያልኩ አሳደርኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ እናቴ ትንፋሽ አጠራት፤ ልጄ 911 ደወለች። አምቡላንሱ የተላከው እናቴ ወደለቀቀችው ቤት ነው። ልጄ የ12 ዓመት ልጅ ናት፤ ጥሪውን የተቀበለችው ሴት ደግማ አድራሻ ስለጠየቀቻት ብቻ ነው ነገሩ የታረመው። እናቴ ዛሬ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺ ግማሽ ሰዓት ግን ከልቤ አትወጣም። ሳጥኑ የራሳችሁ ሲሆን "ድርጅቱ ያስብበታል" የሚባል ነገር የለም። ቤት በቀየራችሁ ቀን፣ ሳጥኑን ከመሰካታችሁ በፊት አድራሻውን ቀይሩ። ብዙ ድርጅቶች ጋ 933 ስትደውሉ የተመዘገበውን አድራሻ ያነብላችኋል። ዛሬ ማታ ደውሉት። ለልጆቻችሁም የቤታችሁን አድራሻ በእንግሊዝኛ በቃል አስጠኗቸው።

የመብራትም ነገር አለ። የድሮው ስልክ ኤሌክትሪኩን ከስልክ ድርጅቱ ማዕከል በሽቦው ስለሚያመጣ መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። ሳጥናችሁ፣ ራውተራችሁና ሞደማችሁ ግን ከግድግዳው ነው የሚጠጡት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 2012 ሌሊት የመጣውን አውሎ ነፋስ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ስንቱ ቤት ለቀናት በጨለማ አደረ። ያኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ 911 ራሱ ተቋርጦ ነበር። ትንሽ የባትሪ ማቆያ ገዝታችሁ ሦስቱንም እሱ ላይ ሰኩ፤ ለጥቂት ሰዓት ይይዛችኋል። ቻርጅ የተደረገ ሞባይልም ከጎን ይኑር።

ወደ ኢትዮጵያ መደወልን በተመለከተ አንድ አባት ቅድም በር ላይ ጠየቁኝ፤ "አዲስ አበባ ስደውል ቁጥሩ ትክክል አይደለም ይለኛል፣ ሳጥኑ ነው ወይ ችግሩ?" አሉኝ። ሳጥኑ አይደለም። ከአሜሪካ ወደ ውጭ አገር መውጫው 011 ነው። የአዲስ አበባ መለያም አገር ቤት ውስጥ 011 ነው፤ ቁጥሩ በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከረዘመ ወዲህ። ሁለቱ በአጋጣሚ ስለተመሳሰሉ ሰው ይደናገራል። የምትደውሉት 011፣ ከዚያ 251፣ ከዚያ የመጀመሪያዋን ዜሮ ጥላችሁ 11፣ ከዚያ ቀሪው 7 አሃዝ ነው። ሞባይልም እንዲሁ፤ የ09ኙም የሳፋሪኮም 07ም ዜሮዋ ትቀራለች። ቁጥሩን ጨርሳችሁ መሰላል የምትመስለዋን ምልክት (#) ብትጫኑ ሳጥኑ ሳይጠብቅ ወዲያው ይደውላል። ዋጋውን ግን ቀድማችሁ እዩ፤ እዚሁ አሜሪካ ውስጥ መደወል በደቂቃ 1 ሳንቲም ገደማ ሲሆን ኢትዮጵያ የዚያ ብዙ እጥፍ ነው።

"ታዲያ አንድ ሳጥን ለእኅቴ ልላክላትና እንደ ጎረቤት እንነጋገር?" የሚለኝም አለ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን በኢትዮጵያ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ለዘመድ ደግ ሲሉ ዘመድን ፍርድ ቤት ማቆም አይገባም። መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ሌባም አለ። ኢንተርኔት ላይ ሌሊትና ቀን የሲፕ በር የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ደካማ የይለፍ ቃል ሲያገኙ በእናንተ ሂሳብ በጣም ውድ ወደሆኑ የውጭ አገር ቁጥሮች ይደውላሉ፣ ጠዋት ስትነሱ ሂሳቡ አልቋል። የልደት ዓመት የይለፍ ቃል አይሆንም። ቅድሚያ የምትከፍሉበትን አካውንት ምረጡ፣ ገንዘብ ሲያልቅ በራሱ ከካርድ እንዲሞላ አታድርጉ፣ ከኢትዮጵያና ከምትደውሉበት አገር በቀር ሌላውን ዝጉ። ራውተራችሁ ላይ ለሳጥኑ ብላችሁ ከውጭ የሚገባ በር አትክፈቱ፤ አያስፈልገውም፣ ራሱ ወጥቶ ነው የሚመዘገበው።

ስልኩ ከሠራ በኋላ የሚያጋጥማችሁ ትልቁ ችግር "እሰማሃለሁ፣ አትሰማኝም" ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ራውተሩ ነው። ሲፕ ኤኤልጂ የሚባል ረዳት አለው፤ ቁራጮቹን ላስተካክል ብሎ ያበላሻቸዋል። ራውተሩ መቼት ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት። ጥሪ በ30 ሴኮንድ ገደማ ሲቆረጥም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ባንክ ደውላችሁ "1 ይጫኑ" ሲል ስትጫኑ ባንኩ የማይሰማው ከሆነ ደግሞ የቁልፍ ድምፅ አላላኩን አርኤፍሲ 2833 ወደሚለው ቀይሩት።

መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ ያልኩት ይኸው። ባለፈው ወር አንዲት እናት ደውለውልኝ የቤት ስልካቸው ሞቷል አሉኝ። የገጠመላቸው ልጃቸው ለሥራ ሲያትል ሄዷል፣ በዚያ ሳምንት ደግሞ ባሕር ላይ ነው፤ አይገኝም። አካውንቱ በእሱ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃሉ በእሱ ጭንቅላት፣ ቁጥሩን ለማዛወር የሚያስፈልገው ፒንም እሱ ጋ ነው። ሳጥኑን የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ግን በእጃቸው ያለው ፕላስቲክ ብቻ ነበር። ስለዚህ ልጆቻችሁ ሲገጥሙላችሁ አጠገባቸው ቁሙ ያልኩት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ነው። የድርጅቱን ስም፣ የአካውንቱን መግቢያና የይለፍ ቃል፣ የማዛወሪያውን ፒን፣ የሳጥኑን የይለፍ ቃል አስጽፏቸው። አካውንቱም በእናንተ ስም ይከፈት። ወረቀቱን ፓስፖርታችሁ ያለበት መሳቢያ ውስጥ አኑሩት። ሳጥን ይዛችሁ የመጣችሁ እዚህ ጠረጴዛው ጋ ኑ፤ ቅድም በር ላይ ከጠየቁኝ አባታችን እንጀምራለን።